ከስታ የመጣች ፋየር ኢል፦ በ16 ሳምንት ከ34 ወደ 63 ግራም

ጉዳዩ የደረሰው ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አርሊንግተን ውስጥ ባለ አንድ አፓርታማ ነው። አሳዳጊው ኤፕሪል አጋማሽ ላይ 27 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ፋየር ኢል (እንደ እባብ ቀጭንና ረጅም የሆነች ዓሣ) ገዙና በዚያው ምሽት 284 ሊትር በሚይዘው ዋና ገንዳቸው ውስጥ ለቀቋት። ገንዳው ውስጥ 6 ታይገር ባርብና አንድ ፕሌኮ የሚባሉ ዓሦች ነበሩ። ወለሉ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠርዛም ጠጠር ነው። መብራቱ በቀን 10 ሰዓት ይበራል። መደበቂያ ከተባለ አንድ የሸክላ ዋሻ ነበር፣ እሱንም ፕሌኮው ይዞታል።

እስከ 11ኛው ቀን ድረስ ኢሏ አንድም ነገር ስትበላ አልታየችም። ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ጥግ ወደ ላይና ወደ ታች ስትመላለስ ትውላለች፤ ሲደክማት ከማሞቂያው ጀርባ ገብታ በጎኗ ትጋደማለች። የቀረበላት ፍሌክ (ስስ ደረቅ ምግብ)፣ እንክብል ምግብና በረዶ የሆነ ብለድዎርም (ቀይ እጭ) ነበር፤ ሁሉም የተሰጣት መብራቱ በርቶ ሳለ ነው። ባርቦቹ ምግቡ ወለል ሳይነካ ይጨርሱታል።

የኢል ክሳት ለአዲስ ዓይን አይለይም፤ ጤነኛዋም ቀጭንና ረጅም ናት። ስለዚህ ሦስት ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። አንደኛው ከጭንቅላቷ ቀጥሎ ያለው ጀርባዋ ነው። በደንብ የምትበላ ኢል እዚያ ላይ ክብ ናት፤ የተራበችው ግን በግራና በቀኝ ያለው ጡንቻ ስለሚሟሽሽ ጀርባዋ እንደ ቢላዋ ስለት ሹል ይሆናል። ሁለተኛው ጭንቅላቷ ነው፤ ከኋላው ካለው ገላ ሰፍቶ ከታየ ሰውነቷ የራሱን ሥጋ እየበላ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ሆዷ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ ከሆነ የዛሬ ምግብ አላገኘችም፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን ረሃቡ የሳምንታት ነው። ይህችኛዋ ሦስቱም ምልክት ነበረባት። በዚያ ላይ አፍንጫዋ ጫፍና ሆዷ ሥር ጠጠሩ የፋቀው ነጣ ያለ ቁስል ነበር፤ የጅራቷንም ጫፍ ባርቦቹ ቆራርጠውታል።

ስሟ ኢል ቢሆንም ከእውነተኞቹ ኢሎች ወገን አይደለችም። ስፓይኒ ኢል ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ የሳይንስ ስሟ ማስታሴምቤሉስ ኤሪትሮቴኒያ ነው። በ1850 የዓሣ ተመራማሪው ብሊከር ለሳይንስ የገለጻት ይህች ዓሣ ከታይላንድና ካምቦዲያ እስከ ሱማትራና ቦርኒዮ ባሉ ዝግተኛ ወንዞችና ጎርፍ በሚተኛባቸው ሜዳዎች ትኖራለች። ከጀርባ ክንፏ ፊት በተርታ የቆሙ አጫጭር እሾሆች አሏት። ቀን አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ትውላለች፤ ማታ ወጥታ ትልና እጭ እያሸተተች ትለቅማለች። ለገበያ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ከዱር የተያዙ ናቸው። ለጉዞ የሚታሸግ ዓሣ ከረጢቱ ውስጥ ውኃውን እንዳያበላሽ ሆን ተብሎ አይመገብም፤ ከአጥማጅ እስከ ሻጭ ብዙ እጅ ያለፈች ኢል ደግሞ በየደረጃው ጾማ ነው የምትደርሰው። እናም የ11 ቀኑ ረሃብ በቤት የተጨመረ እንጂ በቤት የተጀመረ አልነበረም።

ውኃው ሲመረመር ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ከነሱ የሚቀለው ናይትሬት በሊትር 40 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ፒኤች 7.6፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ተገኘ። በዚህ ውኃ ብቻ ዓሣ አይጾምም። የጎደላት ሌላ ነገር ነው፦ ገላዋን የሚነካ መሸሸጊያ፣ ጨለማ፣ ምግቡን ቀድሞ የሚሻማ የሌለበት ቦታ። እነዚህ ሳይሟሉ የምግብ ዓይነት መቀያየር ገንዳውን ከማቆሸሽ ያለፈ ጥቅም የለውም። በየቀኑ አዲስ ነገር ሲጣልላት፣ ክዳኑ ሲከፈት፣ ሰው መስታወቱ ላይ ሲያፈጥባት ጭንቀቷ ይብሳል፤ ጭንቀቷ ሲብስ ደግሞ ረሃቡ ይረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ምግቡን ሙሉ በሙሉ አቁሞ ኢሏን ለብቻዋ ማኖር ሆነ።

ማቆያ ገንዳው

የተዘጋጀው 110 ሊትር የሚይዝ፣ 76 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ገንዳ ነው። ወለሉ ላይ የመዋኛ ገንዳ ፊልተር ውስጥ የሚገባው ዓይነት ደቃቅ አሸዋ 5 ሳንቲ ሜትር ተነጠፈ። አሸዋው ባልዲ ውስጥ እየታጠበ ውኃው ጥርት እስኪል ወደ 8 ጊዜ ያህል ተለውጧል። ጥሩ አሸዋ በጣት ሲታሽ አይቧጭርም፤ ከተሰባበረ መስታወት ወይም ድንጋይ የተሠራውን ጌጠኛ አሸዋ ለኢል አንመክርም፣ እየቆፈረች ስትገባ ቆዳዋን ይልጠዋልና።

ከአሸዋው ላይ ሁለት የፒቪሲ ቱቦዎች ተጋደሙ። ውስጣቸው 3.5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ርዝመታቸው 35 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ናቸው። ልኩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ኢል ደህንነት የሚሰማት ግድግዳው ገላዋን ሲነካት ነው። 8 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ ለእኛ የተመቸ ቤት ይመስለናል፤ ለእሷ ግን ሜዳ ነው። ርዝመቱ ደግሞ ጅራቷ ውጭ እንዳይቀር ከእሷ መብለጥ አለበት። የተቆረጠው ጫፍ በአሸዋ ወረቀት ተሞርዷል፤ ይህን የዘለለ ሰው የአፍንጫ ቁስል በገዛ እጁ ይጨምራል።

ፊልተሩ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ነው። አዲስ ስፖንጅ አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ስለሌሉት፣ በዋናው ገንዳ ፊልተር ውስጥ 8 ወር የሠራው ስፖንጅ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ወደዚህ መጣ። የታጠበው በገንዳው ውኃ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ቢታጠብ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድል ነበር።

ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፣ መጥፋትም ነበረበት። ስፓይኒ ኢል ጭንቅላቷ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ትወጣለች፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በበሽታ ሳይሆን ወለል ላይ ደርቀው ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አደገኛ ናቸው። የማሞቂያው ገመድና የአየር ቱቦው የሚገቡበት ክፍተት በስፖንጅ ተወተፈ፣ ክዳኑ ላይ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ተጫነ፣ ውኃውም ከአፉ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ። ከዚህና ከአሸዋው በኋላ የቀረው ውኃ 90 ሊትር ነበር። ይህች ቁጥር ኋላ ለመድኃኒቱ ስሌት ታስፈልጋለች።

የገንዳው ሦስት ጎን በጥቁር ካርቶን ተሸፈነ፣ መብራቱ ለ3 ቀን ጠፋ፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ላይ ቆየ። አልበላ ያለን ዓሣ በሙቀት ለማነቃቃት ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ የተለመደ ምክር ነው፤ ለተራበች ኢል ግን አይበጃትም። ሙቀት ሲጨምር ገላዋ በቀን የሚያቃጥለው ይጨምራል፣ ውኃው የሚይዘው ኦክስጂን ግን ይቀንሳል።

ዝውውሩ የተደረገው በመረብ አልነበረም። የጀርባዋ እሾህ መረብ ላይ ይሰካል፤ ስታመልጥ ወይ ቆዳዋ ይቀደዳል ወይ እሾሁ ይሰበራል። ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ በዋዜማው ዋናው ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ። ጠዋት ላይ ውስጡ ገብታ ተገኘች። ሁለቱ ጫፎች ውኃ ውስጥ እንዳሉ በመዳፍ ተዘግተው ቱቦው ክዳን ወዳለው የፕላስቲክ ዕቃ ተዛወረ። ዕቃው ከነውኃው በኩሽና ሚዛን ላይ አስቀድሞ ተመዝኖ ስለነበር፣ ኢሏ ከቱቦው ወደ ዕቃው ስትወጣ ክብደቷ ታወቀ፦ 34 ግራም። ይህ ቀን ከዚህ በታች ቀን 1 ይባላል።

ከቀን 1 እስከ ቀን 12

ሦስት ቀን ምንም አልተሰጣትም። ቀን 2 ላይ መስታወት ለመስታወት መመላለሱ ቆመ። ቀን 3 ላይ አፍንጫዋ ብቻ ከቱቦው አፍ ብቅ ብሎ ታየ። ይህን ምልክት ነበር የሚጠበቀው፤ ቱቦ ውስጥ ተረጋግታ ወደ ውጭ የምታሸት ኢል ለመብላት ቅርብ ናት።

የተመረጠው ምግብ የመሬት ትል ነው። ለስፓይኒ ኢል ከዚህ የሚበልጥ የመጀመሪያ ምግብ አናውቅም፤ ሽታው ይጣራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ለጨጓራም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ሁሉም ትል አንድ አይደለም። ማዳበሪያ ማብላያ ውስጥ የሚረባው ቀይ ትል ሲነካ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ብዙ ዓሣ አፉ ውስጥ አስገብቶ ይተፋዋል፤ የተራበችን ኢል በመጀመሪያ ጉርሻዋ ማስመረር ሌላ ሳምንት ያስከፍላል። ፀረ ተባይ ወይም የፋብሪካ ማዳበሪያ የተረጨበት ሣር ሥር የወጣ ትልም አይሆንም። አሳዳጊው ከዓሣ ማጥመጃ መሸጫ ትል ገዙ። ትሎቹ በረጠበ የኩሽና ወረቀት ላይ 24 ሰዓት ቆይተው ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አፈር ጣሉ፤ ከዚያ ታጥበው በ1.5 ሳንቲ ሜትር ተቆረጡ። ወፍራሞቹ በርዝመታቸው ተሰነጠቁ፤ የፋየር ኢል አፍ ከገላዋ አንጻር ትንሽ ነው፤ ጥርሷም ነክሶ ለመቁረጥ የሚሆን አይደለም።

ቀን 4፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ የክፍሉ መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 3 ቁራጭ ትል በረጅም ወረንጦ ከቱቦው አፍ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ በተቀመጠ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ተደረገ። ስኒ ማስቀመጫው ቀላል ነገር ቢመስልም ሥራው ትልቅ ነው፦ ስንት ቁራጭ እንደተበላ ይቆጠርበታል፣ የተረፈውም አሸዋ ውስጥ ሳይቀበር ይነሣል። በዚያ ሌሊት አልበላችም፤ ቀን 5ም እንዲሁ። ቁራጮቹ በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ተቆጥረው ወጡ። ቀን 6 ሆን ተብሎ ባዶ ታለፈ።

ቀን 7 ላይ ሁለት ነገር ተለወጠ። ምግቡ የተቆረጠ መሆኑ ቀርቶ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ሕያው ትል ሆነ፤ የሚቀመጥበትም አቅጣጫ ተስተካከለ። ከዚያ በፊት ከስፖንጅ ፊልተሩ የሚነሣው ውኃ ሽታውን ከቱቦው እያራቀ ይወስደው ነበር። አሁን ማስቀመጫው ፊልተሩ ባለበት ወገን ሆኖ ሽታው ወደ እሷ ሄደ። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ጭንቅላቷ ወጣ፣ ትሉን ጎረሰች፣ ተፋችው፣ እንደገና ጎርሳ ይዛው ወደ ቱቦዋ ተመለሰች። መትፋቷ እምቢታ አልነበረም፤ ስፓይኒ ኢል ምግቧን እያወጣችና እያስገባች ነው የምታስተካክለው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ትሉን ቶሎ ያነሣባታል።

ከዚያ በኋላ መጠኑ በጥንቃቄ መጨመር ነበረበት፤ ቀን 8 ላይ 0.3 ግራም፣ ቀን 9 ላይ 0.5 ግራም፣ ከቀን 10 ጀምሮ በቀን ወደ 1 ግራም፣ ማለትም የክብደቷ 3 በመቶ። ሁዳዴን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ሆዱን በተልባ ሳያለሰልስ ዶሮ ወጥ ላይ አይወድቅም፤ ለሳምንታት ባዶ የሆነ የዓሣ አንጀትም ከዚያ የተለየ አይደለም። ይህ ልክ አንድ ጊዜ ተጣሰ። ቀን 12 ላይ ኢሏ ስኒ ማስቀመጫው ድረስ መጥታ ስለበላች፣ በደስታ ከ3 ግራም በላይ ተሰጣት። ጠዋት ላይ ያልተፈጨ ትል አሸዋው ላይ ተተፍቶ ተገኘ፣ አሞኒያው ወደ 0.5 ሚሊ ግራም ወጣ። ግማሹ ውኃ ተለወጠ፣ አንድ ቀን ባዶ ታለፈ፣ እንደገና ከ0.5 ግራም ተጀመረ። የጠፋው ሦስት ቀን ነው፤ ባለ 34 ግራም ዓሣ ላይ ግን ሦስት ቀን ቀላል አይደለም። ቀን 14 ስትመዘን 33 ግራም ሆነች።

የተለመደው ጥገና በየሁለት ቀኑ የውኃውን ሩብ መለወጥ ነበር፤ አዲሱ ውኃ ከገንዳው በ1 ዲግሪ እንኳ እንዳይርቅ ተደርጎ። ቁስሉ ላይ ምንም መድኃኒት አልተደረገም። የነጭ ነጥብ በሽታ መድኃኒት ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ መዳብ ወይም ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን አላቸው። ስፓይኒ ኢል ቅርፊቷ ደቃቅ ስለሆነ ለእነዚህ ደካማ ናት፤ በከሳችበት ሰዓት ደግሞ ይብስባታል። ጠጠሩ ቀርቶ አሸዋ ሲሆን፣ ውኃውም ንጹሕ ሲሆን፣ የአፍንጫዋ ቁስል በ12 ቀን ውስጥ ተዘጋ። ጥጥ የመሰለ ነገር ቢበቅልበት ወይም ዙሪያው ቢቀላ ኖሮ ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር።

ቀን 19፦ ቀይ ክር

እስከዚህ ድረስ የትላትል መድኃኒት አለመሰጠቱ የታሰበበት ነው። ከሲታ ዓሣ ሲያዩ ወዲያው መድኃኒት የሚጨምሩ አሉ፤ ነጭና ክር መሳይ ሰገራ ካዩማ ወደ ኋላ አይሉም። ነገር ግን የማይበላ ዓሣ ሰገራ ከአንጀት ልጋግ ሌላ ምን ይኖረዋል? ነጭ መሆኑ አይደንቅም። መለያው ከበላች በኋላ ነው። በደንብ እየበላች ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታ ጀርባዋ ካልሞላ፣ ምግቡን የሚሻማት ሌላ ፍጥረት ሆዷ ውስጥ አለ።

እዚህ ማስረጃው ቀድሞ መጣ። ቀን 19 ማታ ኢሏ ከቱቦው ስትወጣ ከፊንጢጣዋ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት ቀይ ክር ተንጠልጥሎ ታየ። ስትቆም ይወጣል፣ ስትንቀሳቀስ ይገባል። ይህ ካማላኑስ የሚባለው ክብ ትል ነው። የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ ደም ይመጥጣል፤ ቀይ የሆነውም ለዚህ ነው።

የመድኃኒቱ ምርጫ ላይ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። በአኳሪየም መደብር በብዛት የሚገኘው ፕራዚኳንቴል ጠፍጣፋ ትሎችን ይገድላል፣ ካማላኑስን ግን አይነካውም። ለዚህ የሚሆነው ሌቫሚዞል ነው፤ ለበግና ለከብት የሆድ ትል የሚሰጠው ያው መድኃኒት። ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለ ዝግጅት ግን ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ብቻውን የሆነ፣ በውኃ የሚሟሟ ዱቄት መሆን አለበት። መጠኑ በአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ግራም ንጥረ መድኃኒት ነው። ገንዳው 110 ሊትር ይባል እንጂ ውኃው 90 ሊትር ስለሆነ፣ የተመዘነው 180 ሚሊ ግራም ነው። የኩሽና ሚዛን ይህን አያነብም፤ ሚሊ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ያለዚያ 1.8 ግራም በ1 ሊትር ውኃ ሟሙቶ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ይቀዳል። ጓንት ይደረጋል፤ ዱቄቱ ልጆች ከሚደርሱበት ይርቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቀን 20 ማታ አሸዋው ላይ ያለው ቆሻሻ በሙሉ በቱቦ ተሳበ፣ መድኃኒቱን የሚመጥጥ ካርቦን ያለው ፊልተር እንደሌለ ተረጋገጠ፣ መድኃኒቱ በአንድ ማሰሮ የገንዳ ውኃ ተሟሙቶ ቀስ ብሎ ፈሰሰ። ሌቫሚዞል በብርሃን ስለሚበላሽ ገንዳው በሙሉ በብርድ ልብስ ተሸፈነ፣ የአየር ፓምፑ ግን አልቆመም። መድኃኒቱ ትሉን ያደነዝዘዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፤ የደነዘዘው ትል አንጀቱን ለቆ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ አሸዋው ላይ ሲቀር ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ በ24ኛው ሰዓት የአሸዋው ገጽ አንድም ቦታ ሳይዘለል በቱቦ ተሳበ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆን ውኃም ተለወጠ። መድኃኒቱን ጨምሮ ወለሉን አለመሳብ የግማሽ ሥራ ነው። ኢሏ ሁለት ቀን አልበላችም፣ ቀን 23 ላይ ጀመረች፣ ቀዩ ክር ከዚያ በኋላ አልታየም።

ካማላኑስ ሕያው እጭ ስለሚጥል አንድ ጊዜ አይበቃም። ሁለተኛው ዙር ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ቀን 41 ላይ፣ በዚያው መጠን ተደገመ። ኢሏ 11 ቀን የኖረችበት ዋናው ገንዳም በነዚያው ቀኖች ታክሟል። ባርቦቹና ፕሌኮው ምንም ምልክት ባይታይባቸውም ገንዳው ሳይታከም ቢቀር ኖሮ፣ ኢሏ ድና ስትመለስ ትሉ እዚያው ይጠብቃት ነበር።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር በመጀመሪያው ዙር፣ ቀን 21 ላይ በተደረገው ትልቅ የውኃ ለውጥ ተከሰተ። በማግስቱ የአሞኒያው ምርመራ 0.25 እና 0.5 መካከል አነበበ፤ ምግብ ግን አልተሰጠም፣ ፊልተሩም እየሠራ ነበር። ምክንያቱ የቧንቧው ውኃ ነው። ዲሲና አርሊንግተን ውኃቸውን የሚያገኙት ዋሽንግተን አኩዌደክት ከሚባለው የውኃ ማጣሪያ ተቋም ሲሆን፣ ከ2000 ጀምሮ ውኃው በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚጸዳው በክሎራሚን ነው፤ በየጸደዩ ግን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ኢሏ የተገዛችው በክሎሪኑ ወቅት ነው፤ ቀን 21 ላይ ግን ክሎራሚኑ ተመልሶ ነበር። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተያያዙበት ነው፤ የክሎሪን ማጥፊያው ማያያዣውን ሲበጥስ አሞኒያው ይቀራል። በፒኤች 7 ላይ ከዚህ አሞኒያ መርዛማ መልክ የሚይዘው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በፒኤች 8 እና በ26 ዲግሪ ግን 6 በመቶ ይጠጋል። ባክቴሪያ ያለበት አሮጌው ስፖንጅ አሞኒያውን እስከ ማግስቱ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ለውጥ ሲያስፈልግ በአንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ በሁለት ተከፈለ፤ ማጥፊያውም አሞኒያውን ጭምር የሚያስረው ዓይነት ሆነ። ውኃ በበርሜል ቀድቶ አሳድሮ የመጠቀም ልማድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ አሳድሮ መጠቀም ክሎሪን ላለበት ውኃ ይሠራል፣ ክሎራሚን ላለበት አይሠራም።

ከትል ወደ ሌላ ምግብ

ቀን 28 ላይ 36 ግራም፣ ቀን 42 ላይ 39 ግራም ሆነች። በየሁለት ሳምንቱ ካልሆነ አልተመዘነችም፤ እያንዳንዱ ምዘና እሷን አንድ ቀን ያስደነግጣታል። ምግቡ በሳምንት 5 ማታ፣ በየጊዜው ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነበር፤ ሁለቱ ማታዎች ባዶ ናቸው።

ከቀን 45 በኋላ ትል ብቻ መብላቷ እንዲቀር ሙከራ ተጀመረ። የተላጠ ጥሬ ሽሪምፕ በትል ስፋት በቀጫጭኑ ተቆርጦ፣ ትሉ በተቆረጠበት ፈሳሽ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ተነክሮ፣ ከ3 ቁራጭ ትል ጋር 1 ቁራጭ ተቀላቀለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ማታ ሽሪምፑን እየለየች ትታዋለች። በአምስተኛው በላች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ የቆሮሶ ሥጋና በረዶ የሆነ ማይሲስም (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረት) ተጨመረ። ሽሪምፕ ብቻውን የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም፤ ጥሬው ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ቲያሚኔዝ ሊኖረው ስለሚችል ከሌላው ጋር መፈራረቅ አለበት። ሕያው ወርቃማ ዓሣ ማብላት ታስቦ ነበር፣ ቀርቷል፤ እሱም ቲያሚኔዝ አለው፣ በዚያ ላይ በሽታ ይዞ ይገባል። የበሬ ሥጋና ጉበት ደግሞ ስቡ ለዓሣ አንጀት አይስማማም።

ቀን 56 ላይ 44 ግራም፣ ቀን 84 ላይ 55 ግራም ተመዘገበ። የጀርባዋ ስለት ጠፍቶ ክብ የሆነው በነዚህ ሁለት ምዘናዎች መካከል ነው፤ ቀይ መስመሮቿም የደመቁት በዚያው ሰሞን ነው።

ወደ ዋናው ገንዳ የተመለሰችው በ13ኛው ሳምንት ነው፣ ያውም ገንዳው ሌላ ገንዳ ሆኖ። ጠጠሩ ወጥቶ አሸዋ ገባ፤ ባርቦቹ ለሌላ አሳዳጊ ተሰጡ፤ የኖረችበት ቱቦ ሳይታጠብ አብሯት ገባ፤ ከዚያ የሚሰፋ ሦስተኛ ቱቦም ተጨመረ። የክዳኑ ክፍተቶች አንድ በአንድ ተደፈኑ። ለሁለት ሳምንት ምግቧ የተሰጣት በዚያው ስኒ ማስቀመጫ፣ በዚያው ሰዓት ነው። አንድ ማታ ብቻ ዘለለች። ቀን 112 ላይ ርዝመቷ 29 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 63 ግራም ነበር።

284 ሊትሩ ገንዳ ግን ለዘለቄታው አይበቃትም። ፋየር ኢል በዱር 1 ሜትር ትደርሳለች፤ በቤትም በደንብ ከበላች ግማሽ ሜትር ታልፋለች። ያኔ ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ወለል ያስፈልጋታል። ይህን ማዘጋጀት የማይችል ሰው ይህችን ዓሣ ባይገዛ እንመርጣለን። አሳዳጊው ትልቁን ገንዳ ለማስቀመጥ የአፓርታማውን ወለል አቅም ከሕንፃው አስተዳደር ጠይቀው መልስ እየጠበቁ ነው፤ ውኃው፣ አሸዋውና መስታወቱ ተደምረው ከ700 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ።